በራዱን ሚጣ ትያዘው

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ልጄ ኅዳር 19 አራት ዓመት ይሞላታል። ቀኑን ሙሉ እቃቃ ስትጫወት ነው የምትውለው። በጠርሙስ ክዳን ውሃ ቀድታ «ሻይ ነው፣ ጠጡ እንጂ፣ በሞቴ» ትለናለች። ልደቷን በዚያው በምትወደው ነገር፣ በሻይ ግብዣ ላከብርላት አሰብኩ። ግን ገና ሳልጀምረው ተወሳሰበብኝ። አማቴ «የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ልደት በሻይ ብቻ? ሰው ምን ይለናል?» አሉኝ። ባለቤቴ ሐይቁ ዳር አንድ መናፈሻ እንከራይ ይላል። ጾሙም ይገባል። ከሚመጡት ልጆች ደግሞ ግማሾቹ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። ለመሆኑ የአራት ዓመት ልጅ ሻይ ትጠጣለች? ስንት ልጅ ልጥራ? ምን ላብላቸው? ምንስ እያደረጉ ይቆዩ?
የሚጣ እናት

መልስ፦ የሚጣ እናት፣ ከወዲሁ እንኳን አደረሳችሁ። ሐሳብሽ በጣም ጥሩ ነው፤ እንዳትተዪው።

ብዙ የልጆች ልደት ላይ ተገኝቻለሁ። አዳራሹ ያምራል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ትልልቆቹ በልተው ጠጥተው ይጨዋወታሉ። ባለልደቷ ግን ወይ እያለቀሰች ነው፣ ወይ እናቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። የአራት ዓመት ልጅ ድግስ አይገባትም። እቃቃ ግን ጥርት አድርጎ ይገባታል። ስለዚህ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ልደት የቤቱ እመቤት ሚጣ ትሁን። እንግዳ የምትቀበለው፣ እጅ የምታስታጥበው፣ ሻይ የምትቀዳው፣ «ብሉልኝ» የምትለው እሷ ትሁን። የቀረውን ሁሉ ከዚህ ተነስተን እንወስነው።

መጀመሪያ የአማትሽን ነገር እንጨርስ። እሱ ካልተፈታ ሌላው አይሳካም። አማትሽ ያሉት ክፋት የለበትም። ለእሳቸው የልጅ ልጅ ልደት ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ ልጅ የሚመረቅበት ቀን ነው። «ሻይ ብቻ» ሲባሉ ለእሳቸው ቦታ የቀረላቸው አልመሰላቸውም። እንግዲያው ቦታ ስጫቸው፤ ያውም ትልቁን። ድፎ ዳቦውን እሳቸው ይጋግሩት። ሊጡን አቡክተው፣ ኮባ አልብሰው፣ እንደሚያውቁበት። ዕለቱን ዳቦውን ቆርሰው ልጆቹን የሚመርቁት እሳቸው ይሁኑ። «እማዬ፣ ያለ እርስዎ ዳቦና ምርቃት ልደት አይሆንም» በያቸው። እውነትም ነው። ከኬኩ ይልቅ አያት እጃቸውን ዘርግተው «እደጉ፣ ተመንደጉ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ» ሲሉ ልጆቹ ፀጥ ብለው ያዳምጣሉ።

የዘመዱን ጉዳይ ደግሞ ከልጆቹ ግብዣ ለዪው። በነጋታው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና አፍልታችሁ ጥሩ። ቡናው ከጣና ዳሯ ከዘጌ የመጣ ቢሆን አማትሽ ለእንግዳ የሚያወሩት አያጡም። የተረፈው ድፎ ዳቦ ለዚያ ይሆናል። ዘመድም አልቀረበትም፣ ልጆቹም አልተረገጡም። ይህን ሁሉ ለእሳቸው የሚያስረዳው ግን ባለቤትሽ ይሁን። ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት ይቀላቸዋል።

ወደ ሐይቁ ዳር ሐሳብ ልምጣ። ባለቤትሽ ቢያስበው አይገርመኝም። ባሕር ዳር ተኖሮ ጣናን ከደስታ ቀን ማስቀረት ይከብዳል። እኔ ግን ለዚህ ዕድሜ አልመርጠውም። ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ ስትወድቅ አትጮኽም፣ እጇንም አታወዛውዝም። ድምፅ ሳይሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ወላጆች ወሬ ይዘው፣ ስድስት ልጅ በስድስት አቅጣጫ እየሮጠ፣ ማን ማንን ያያል? ሌላም አለ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው የሚገባው በቆዳ በኩል ነው፤ መዋኘት አያስፈልገውም፣ ዳር ላይ እግር ነክሮ መጫወትም ይበቃዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሳል፤ ሻማም፣ የወረቀት ሳህንም አያስቀምጥም።

ግቢ ካላችሁ ግቢው፣ ከሌላችሁም ሳሎኑ በቂ ነው። ባለቤትሽ የግድ ካለ አጥር ያለው፣ ከውሃው ፈንጠር ያለ ቦታ ምረጡ። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ልጆቹን ከማየት ሌላ ምንም ሥራ አይሰጠው፤ ስልክም አይያዝ፣ በየግማሽ ሰዓቱም በሌላ ይተካ። የጣናን ነገር አታስቢ። ወደ ቤት እናመጣዋለን፤ ቆየት ብዬ እነግርሻለሁ።

ሳሎኑን ለማሰናዳት ብዙ ወጪ የለውም። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርጊ። ሰሌን አንጥፊ፣ ቄጤማ ጎዝጉዢ። መሃል ላይ ሞሰብ ወይም አጭር ጠረጴዛ አስቀምጪ፤ ቁመቱ ለልጅ ልክ ነው። ሲኒዎቹን ረከቦት ላይ ደርድሪ። ሲኒ እጀታ ስለሌለው ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ ይጠጣበታል። ብፌ ውስጥ ያለውን ውዱን ግን አታውጪ። ርካሹን ግዢ፤ ቢሰበር ማንም አይቆጣም። ከሰል ማንደጃውም ዕጣኑም ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ይድረስ። እሳትና ሮጦ የማይጠግብ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አይገናኙ፤ ጭሱም አስም ያለበትን ልጅ ያስጨንቃል።

አሁን ሻዩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከልደቱ ያለፈ ነገር ስላለው።

ሚጣና እንግዶቿ የሻይ ቅጠል ባይጠጡ እመርጣለሁ። አንደኛ ካፌይን አለው። ከሰዓት በኋላ የጠጣ ልጅ ማታ አልተኛም ብሎ ያስቸግራል። ከዚያ የሚብሰው ግን በቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘው ብረት ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። ልጆቻችን ብረት የሚያገኙት ደግሞ በአብዛኛው ከጤፍ፣ ከምስርና ከሽሮ ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ አብልቶ ልጅን ወደ መዋዕለ ሕፃናት መላክ በየቤቱ የተለመደ ነው። በአንቺም ቤት ካለ ቀስ በቀስ ብታስቀሪው ደስ ይለኛል። በምትኩ ብርቱካን ብትሰጫት፣ ብርቱካን ብረቱ በደንብ እንዲዋጥ ያግዛል።

ታዲያ በራዱ ውስጥ ምን ይግባ? ቀረፋ። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ውስጥ ሁለት እንጨት ቀረፋና ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ጨምረሽ 15 ደቂቃ ያህል አፍዪ። ውሃው ቀስ እያለ ቀላ ይላል። መልኩም ሽታውም የቤታችን ሻይ ነው፤ ቅጠሉ ብቻ የለበትም። ግቢያችሁ ውስጥ ጠጅ ሳር ካለ አንድ ሁለት ቅጠል ጣል አድርጊበት። ስኳሩን ቀነስ አድርጊ፤ ኬክ አለ። ከርከዴም ልጆች ይወዱታል፣ ግን ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ከፈሰሰ በቀላሉ አይለቅም። ለሌላ ቀን ይቆይ።

ጠዋት አፍልተሽ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ይብረድ። የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርጊው። ሙቀቱ እምብዛም ካልተሰማሽ ልክ ነው። የትልልቆቹ ትኩስ ቡናና ሻይ ልጆቹ ወዳሉበት ክፍል ፈጽሞ አይግባ። የልጅ ቆዳ ስስ ነው፤ እኛ የምንችለው ሙቀት ልጅን ይልጣል። ምናልባት አንድ ልጅ ቢቃጠል የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያዢው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ማር፣ በረዶ አታስነኪው። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። የቧንቧ ውሃ ያን ቀን ሊጠፋ ስለሚችል አንድ ጀሪካን ሞልተሽ አስቀምጪ።

ለሚጣ ከአሁኑ ልምምድ አስጀምሪያት። ትንሽና ቀላል በራድ ግዢላት፤ ከግማሹ በላይ አትሙዪው። ማታ ገላዋን ስትታጠብ በዚያው ትቅዳበት። አንድ እጇ እጀታው ላይ፣ ሌላው ክዳኑ ላይ ይሁን። የበራዱን አፍ የሲኒው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ትቅዳ። ልጅ የሚያፈሰው ከላይ ሲያንቆረቁር ነው። ሲኒው ግማሽ ሲሞላ «በቃ» በያት። በጥቂት ቀን ውስጥ ራሷ «በቃ» ማለት ትጀምራለች። ግብዣው ላይ ብታፈስም ጨርቅ ስጫት እንጂ በራዱን አትቀበያት።

የጾሙን ነገር እንዳትጨነቂበት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ልደቱ ጾም ላይ መዋሉ አይቀርም። ልጆቹ ገና ለጾም ባይደርሱም ገበታውን ሙሉ በሙሉ የጾም አድርጊው። ይህን የምልሽ ለእናንተ ቤት ብቻ አይደለም። ሥጋ ከሌለ ከሙስሊም ጎረቤቶችሽ ልጆች ጋር የማን ሥጋ የሚባል ጥያቄ አይነሳም። ሁሉም ከአንድ ሞሰብ ይበላል። የሻይ ገበታ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፦ ድፎ ዳቦ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ በማርማላታ ወይም በአቮካዶ የተቀባ ዳቦ በትንንሹ ተቆርጦ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን። ልጅ ልደት ላይ ብዙ አይበላም። ከእያንዳንዱ ጥቂት ይበቃል።

ኬኩም ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ያምራል። 1 ኩባያ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ደባልቂ። 1 ኩባያ ውሃ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምረሽ አማስዪ። እንቁላሉን የሚተካው አቼቶው ነው። ከሶዳው ጋር ሲገናኝ አየር ይፈጥርና ሊጡን ያነሳዋል። አየሩ ቶሎ ስለሚጠፋ ሊጡ አይደር፣ አይቆይ፤ ዘይት የተቀባው መጋገሪያ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። በ175 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገራል። ስንጥር ስትወጊበት ደርቆ ከወጣ ደርሷል። ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም፤ ስትገዢ እዪው። መብራት ስለማይታመን ከዋዜማው ጋግሪው። አድሮ እንኳ ይለሰልሳል እንጂ አይደርቅም።

ፈንዲሻ ሳይኖር ልደት የለም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ለትልልቆቹ ይሁን። ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ለውዝና ጠንካራ ከረሜላ አይሰጥም፤ ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራል። እንግዶችሽ ታናናሾቻቸውን ይዘው መምጣታቸው ስለማይቀር ልጆቹ ገበታ ላይ ጨርሶ አይቅረብ። የፈነዳ ፊኛም ቁራጩ ወዲያው ይለቀም። ለውዝ የማይስማማው ልጅ እንዳለም እናቶቹን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ቁጥሩ? ሚጣን ጨምሮ አምስት፣ ቢበዛ ስድስት። ከዚያ በላይ ሲሆን ለሁሉም ልትቀዳ አትችልም፣ ተራ የሚጠብቁትም ይነጫነጫሉ። የመዋዕለ ሕፃናቱን ክፍል በሙሉ አትጥሪ። አብረዋት የሚጫወቱት ልጆች እነማን እንደሆኑ እሷን ጠይቂያት። ቀኑ ቅዳሜ ይሁን፣ ሰዓቱ ከ9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል። የቀን እንቅልፋቸውን ተኝተው ይመጣሉ፣ ሳይደክማቸው ይሄዳሉ። ኅዳር ላይ ወባም ስላለ ሳይመሽና ትንኙ ሳይወጣ እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ይገባል። እናቶቹ አብረው ይቆዩ፤ በረንዳ ላይ ቡናቸውን ይጠጡ።

ልጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ ያፍራሉ። የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። ይህን የሚፈታው ሥራ ነው። ሚጣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በትንሽ ጆግ ውሃ ይዛ እጅ ታስታጥባቸው። ሳፋውን አባቷ ይያዝላት። አንዱ ታጥቦ ሲጨርስ ጆጉን ይቀበላትና ቀጣዩን ያስታጥብ። እስከ መጨረሻው ልጅ ድረስ አፍረት የሚባል ነገር አይኖርም፣ የሁሉም እጅ ንጹሕ ነው፣ ምናልባት እጅጌያቸው ይረጥባል። ከዚያ ይቀመጡና አያት ዳቦውን ይቁረሱ፣ ይመርቁ። ቀጥሎ ሚጣ ትቅዳ። ሻማውን ሁሉም ነቃ ብለው ሳሉ አብሩት፣ መጨረሻ ላይ አታቆዩት። ፎቶ ማንሳት ካለ እስከዚህ ባለው ይለቅ።

ከተበላ በኋላ ወደ ጣና። ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ከተገኘ ደንገል፣ ካልተገኘ ሰንበሌጥ አስመጪ። ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ ባለሙያዎች ታንኳ የሚሠሩት የደረቀውን ደንገል በእቅፍ በእቅፍ አስረው፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቆልምመው ነው። የልጆቹም በዚያው ዓይነት ይሠራል። ስንዝር ተኩል የሚሆኑ አምስት ስድስት ዘንግ ይያዝ። ሁለቱ ጫፍ በክር ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። አንዱን ጫፍ ቀና አድርገሽ ክሩን ወደ መሃል ሳቢና እሰሪው፤ አፍንጫው ቀና ብሎ ይቀራል። መሃሉን በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ደግሞ ጎድጎድ ይላል። ማሰሩን አንቺና ባለቤትሽ ከዋዜማው ጨርሱት። ለልጆቹ አውራ ጣቱንና ጭነቱን ተዉላቸው። ሳፋ ውስጥ አራት ጣት ውሃ ጨምሩና ታንኳዎቹ ከዘጌ ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ይምጡ። ማገዶው የክብሪት እንጨት የሚያህል ስንጥር ነው። ሳይሰምጥ ብዙ የጫነ ያሸንፋል፤ የሰመጠበትም እንደገና ይጭናል። አባቷ ከሳፋው አጠገብ ይቀመጥ፣ ሲያልቅም ውሃው ወዲያው ይደፋ።

ጊዜ ከተረፈ አኩኩሉ አለ፣ አያት ደግሞ «ተረት ተረት» ካሉ ሁሉም «የላም በረት» ብለው ይሰበሰባሉ። አጫዋች ቅጠሪ የሚሉሽን አትስሚ።

ስጦታ ላለማብዛት አስቀድመሽ ተናገሪ። ሲሄዱ እያንዳንዱ ልጅ የጫነበትን ታንኳ ይዞ ይሂድ፤ ሌላ መሸኛ አያስፈልገውም። ለእናቶቹ ምን ብዬ ልጻፍ ካልሽ ይህን ላኪላቸው፦

«ሚጣ ቅዳሜ 9 ሰዓት ሻይ አፍልታ ልጆቻችሁን ጠርታለች። ሻዩ የቀረፋ ነው፣ ምግቡ የጾም ነው። ስጦታ አታምጡ። የማይስማማው ምግብ ያለ ልጅ ካለ ንገሩኝ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ እንለያያለን።»